ያላነበብኩት ሁለተኛ ገጽ

ለእታለም የምሥራች መርስዔ ኃዘን
ጅማ

እታለሜ፣ አዝለሽ ያሳደግሽኝ፣ ፊደል ያስቆጠርሽኝ፣ እንደምን ከርመሻል? በጋውስ፣ ጾሙስ እንዴት ይዞሻል? ያ ብርድ ሲነካው የሚያስነክስሽ ጉልበትሽ የጅማ ሙቀት ተስማማው ወይስ አሁንም ይነዘንዝሻል? ጋሼ ኃይለመስቀል እንደምን ናቸው? ስንታየሁ ፈተናው እንዴት ሆነለት? ትንሿስ ጥርሷን አበቀለች? እኛ ለአምላክ ምስጋና ይግባውና ሁላችንም በአካል ደህና ነን። በአካል ያልኩት አውቄ ነው፤ የቀረውን ከዚህ በታች ታነቢዋለሽ።

ሁለቱም ደብዳቤዎችሽ ደርሰውኛል። አንዱ ለመስቀል፣ ሌላው ከጥምቀት በኋላ ከቀየት ገበያ በተመለሰ ሰው እጅ። አለመመለሴን ለሥራ ብዛት ቆጥረሽልኝ «መቼም አዝመራ ላይ ሆነህ ነው» ብለሻል። ደግነትሽ ይብስ አሳፈረኝ። ገብሱ ተወቅቶ ጎተራ ከገባ ሁለት ወር አልፎታል። ስልክ አልነበረም እንዳልልሽ፣ ከአቦ ቤተ ክርስቲያን በላይ ያለው ጉብታ ላይ ከወጡ ኔትወርክ አለ። ባለፈው ሳምንት እዚያ ቆሜ ቁጥርሽን ካወጣሁ በኋላ መልሼ ዘጋሁት። አንቺ «ወንድምዓለም» ስትይኝ ምላሴ እንደሚታሰር አውቀዋለሁ። ወረቀት ይሻላል፤ ወረቀት ፊቴን አያይም።

በሁለተኛው ደብዳቤሽ አንድ ነገር ጠይቀሽኛል። «በጅማ የመንዝ ልጆች ማኅበር ላይ ሰው ሲያወራ ሰማሁ፤ የጓሳን ጋራ ለንፋስ ኃይል ማመንጫ አሳልፎ የሰጠው ዳኜ ነው ይላሉ፤ የክርስትና ልጄ የጽናት አባት ዳኜ? ያ ዶሮ እንኳ እሽ ብሎ የማያባርር ሰው? አንተ የጓሳ ጠባቂው ኮሚቴ ጸሐፊ ነህና እውነቱን ጻፍልኝ» ብለሻል። እውነቱን ልጽፍልሽ ነው። ዳኜ አይደለም። እኔ ነኝ።

ነገሩ የጀመረው በ2003 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ነው። የአንድ የጥናት ድርጅት መኪና መጣና ኢንጂነር ታዲዮስ የሚባል ቀጭን፣ ሰው አክባሪ ወጣት ወረደ። ናዝሬት በኩል ይተከላል ሲባል የምንሰማው ዓይነት፣ ንፋስ የሚያዞረው መብራት የሚያመነጭ ትልልቅ ማማ ጓሳ ላይ ይሆን እንደሆነ ሊያጠና ነው የመጣው። መንገድ የሚያሳይ፣ ማንበብ መጻፍ የሚችል ሰው ሲጠይቅ ሁሉም ወደ እኔ ጠቆመ። የመርስዔ ኃዘን ልጅ፣ አሥረኛን የጨረሰ፣ የጓሳን ድንጋይ አንድ በአንድ የሚያውቅ አሉት። ደስ አለኝ። ለምን እዋሻለሁ፣ በጣም ደስ አለኝ።

አራት ቀን በእግርና በፈረስ አዞርኳቸው። ንፋሱ የሚበረታው የት ነው ሲለኝ በምሥራቅ ወዳለው ሸንተረር ወሰድኩት፤ አባባ የጥበቃ ተራው ሲደርሰው ይዞኝ እየሄደ «እዚህ አትቁም ልጄ፣ ጠርጎ ገደል ይከትሃል» ይለኝ ወደነበረበት ቦታ። አባባ ነፍሴን እንድጠብቅበት የነገረኝን እኔ ለመኪና ሰዎች ካርታ ላይ ነጥብ አድርጌ ሰጠሁት። ያን ጠዋት ሣሩ ከጉልበት በላይ ሆኖ ነበር። አንዲት ቀይ ቀበሮ ከእኛ ሃምሳ እርምጃ ርቃ የፍልፈል ጉድጓድ ላይ ጆሮዋን አቁማ ትጠብቃለች። ኢንጂነሩ ድምፁን ዝቅ አድርጎ እንዲህ ያለ ቦታ አይቼ አላውቅም አለኝ። እኔም ጓሮዬን እንዳደነቀልኝ ሁሉ «ምን አላት» አልኩት።

የንፋስ መለኪያ ምሰሶው ሸንተረሩ ላይ ቆመ። ለምሰሶው ጠባቂ ሲፈለግ ዳኜ ተቀጠረ። ዳኜ እንደምታውቂው ከመርሐቤቴ ቆላ ወጥቶ ጌታነሽን ያገባ ሰው ነው፤ የጓሳ አቅኚዎች ዘር ስላልሆነ ከሣሩ የሚደርሰው በሚስቱ በኩል ብቻ ነው። ለእኔ ደግሞ ቢጫ ሰደርያና ቢጫ የራስ ቆብ ሰጡኝ። እታለም፣ ብትስቂብኝ አይከፋኝም፤ ያን ሰደርያ ለብሼ ቅዳሴ ሄጃለሁ። ነጠላዬን ከላይ ደርቤ፣ ቢጫው እንዲታይልኝ በደረቴ በኩል ገለጥ አድርጌ። እማማ አይታኝ «ይህ ምንድን ነው፣ ታመሃል?» አለችኝ። ያኔ ነበር መስማት።

ኢንጂነር ታዲዮስ አልዋሸኝም። ማማዎቹ ሠላሳ ያህል እንደሚሆኑ፣ ለእያንዳንዳቸው የቤት ያህል ጉድጓድ እንደሚቆፈር፣ ትልልቅ መኪና የሚያወጣ መንገድ ጓሳውን ለሁለት ሰንጥቆ እንደሚያልፍ፣ ድንጋዩ በደማሚት እንደሚፈርስ ነገረኝ። መብራቱም ለእኛ መንደር እንዳልሆነ፣ በከፍተኛ መስመር ወደ አዲስ አበባ እንደሚሄድ ደብቆኝ አያውቅም። ይህን ሁሉ የሚያውቅ በመንደሩ አንድ ሰው ብቻ ነበር። እኔ። ለልጆቼ ብዬ ነው፣ ዓይናቸው በኩራዝ ጭስ እየቀላ ነው እያልኩ ራሴን ሳታልል ከረምኩ እንጂ መብራቱ በላያችን አልፎ እንደሚሄድ አውቅ ነበር።

ከድርጅቱ የመጣ ሌላ ሰው፣ የጽሕፈት ሥራ የሚሠራ፣ አንድ ቀን ለብቻዬ ወሰደኝ። ያለ ሕዝቡ ስምምነት ሥራው አይሄድም፤ ሽማግሌዎቹ የሚፈርሙበት ቃለ ጉባኤ ያስፈልገናል፤ አንተ ካስጨረስክልን ጣቢያው ሲከፈት ወንበርና ጠረጴዛ ያለው ሥራ ይጠብቅሃል አለኝ። በሬ ሆይ፣ ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ ይባል የለ? እኔ ግን ገደሉንም አይቻለሁ። አይቼ ነው የገባሁት።

የጓሳን ሥርዓት ለአንቺ አልነግርሽም፤ ሦስት አራት ዓመት ተዘግቶ ይቆያል፤ መዘጋቱም መከፈቱም በሽማግሌዎች ቃል በአቦ ደጅ ይነገራል። በዚያው ዓመት የሐምሌ አቦ ዕለት አርባ አንድ ሽማግሌ በደጀ ሰላሙ ተሰበሰበ። እኔ ሁለት ገጽ ጽፌ ሄድኩ። በመጀመሪያው ገጽ ተዘግቶ የከረመው ጓሳ እስከሚከፈትበት ቀን እንደተዘጋ እንደሚቆይ፣ የጥበቃው ተራ፣ ሣር ሲያጭድ የተገኘ ሰው የሚቀጣው ቅጣት አለ። በሁለተኛው ገጽ ማኅበረሰቡ የምሥራቁን ሸንተረር በሙሉ ፈቃዱ ለልማት እንደለቀቀና ወደፊትም ጥያቄ እንደማያነሣ ይላል። የፊርማው ቦታ ሁለተኛው ገጽ ግርጌ ነው።

ካፊያው ጀምሮ ነበር። የመጀመሪያውን ገጽ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩ። ከዚያ የመጀመሪያውን ወረቀት ገለበጥኩና «የቀረው የስም ዝርዝር ነው» አልኩ። አባ ገብረ አማኑኤል፣ የንስሐ አባታችን፣ ከመቋሚያቸው ቀና ብለው «ጨርሰህ አነበብክልን ልጄ?» አሉኝ። «ጨርሻለሁ አባቴ» አልኩ። ከወዲያ በኩል አንዱ ሰው ሌላም ያንብበው ሲል ዓይነ ስውሩ አያ ወልደ ጻድቅ ተቆጡት። «የመርስዔ ኃዘን ልጅ ያነበበውን ለሌላ ማስነበብ ነውር ነው» አሉ። አባባ በሞተ ማግሥት፣ ዓይናቸው ሳይጠፋ፣ አልጋውን ከፊት የያዙት እሳቸው ናቸው። ዓይናቸው ስለማያይ «ጣቴን አንተው አስቀምጠው» አሉኝ። አውራ ጣታቸውን ይዤ ቀለሙን አስነክቼ ወረቀቱ ላይ ያሳረፍኩት እኔ ነኝ።  ፖስታውን በማግሥቱ ለዳኜ ሰጠሁት፤ ለራሱ ጉዳይ ወደ ከተማ ይወርድ ስለነበር ለድርጅቱ አደረሰልኝ።

አራት ወር ሰላም ሆነ። በዘንድሮ ኅዳር ሰዎች መጥተው ሸንተረሩ ላይ ጫፉ ቀይ የተቀባ ችካል ተከሉ። የጥበቃ ተረኞች አይተው ለሽማግሌ ተናገሩ። በማግሥቱ ሃያ ስድስቱም ችካል ተነቅሎ፣ እንደ ማገዶ ተከምሮ አቦ ደጅ ተገኘ። ወዲያው ከወረዳ ሰው መጣና ሕዝቡን ሰበሰበ። እናንተው ፈርማችሁ የሰጣችሁትን መልሳችሁ መንቀል ፀረ ልማትነት ነው አለ። ምን ፈረምን ቢሉት ቅጂውን አውጥቶ ሁለተኛውን ገጽ አነበበላቸው። አያ ወልደ ጻድቅ እየተደናበሩ ወደ ፊት መጥተው «የእኔ የቱ ነው?» አሉት። ሰውየው ጣታቸውን ይዞ አሻራቸው ላይ አሳረፈላቸው። እሳቸውም ወረቀቱን ዳበሱት። እኔ ከሰው ኋላ ቆሜ ነበር። ቢጫውን ሰደርያ ያን ቀን አልለበስኩም።

አንድ ነገር ልብ በይልኝ። ማንም ሰው መብራት አንፈልግም አላለም። አባ ገብረ አማኑኤል ለወረዳው ሰው እንዲህ አሉት፤ ልማት ጠላታችን አይደለም፤ ነገር ግን ይህ ሣር ቤታችን ነው፣ ገመዳችን ነው፣ ምንጩ ሁሉ ከሥሩ ነው የሚወጣ፤ አባቶቻችን በርሃብ ዘመን እንኳ ዘግተው ያቆዩት ጋራ ነው፤ ማማውን የሚሸከም ሌላ ተራራ በአገሩ ሞልቷል፣ ጓሳ ግን አንድ ነው አሉ። ሰውየው ማስታወሻው ላይ ጻፈና ፊርማው ግን አለ ብሎ ሄደ።

በታኅሣሥ አውጫጭ ተጠራ። ቀርቷል የሚባለው አውጫጭ፣ እኛ ዘንድ ነገር ሲከፋ አሁንም አለ። አገሩ ሁሉ ከጠዋት ጀምሮ ሜዳ ላይ ይቀመጣል፤ በደለኛው ሳይገኝ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም፤ ወፍ የሚባሉ ማንነታቸው የማይታወቅ ሰዎች ይመረጡና ሰዉ ያየውን የሰማውን በመሐላ ለእነሱ ያወርዳል። ሕዝቡ የደረሰበት ሐሳብ ሁለተኛው ገጽ ላይ ያለው ቃል ከፊርማው በኋላ ከስሞቹ በላይ ተጨምሮ የገባ ነው የሚል ነበር። እኔን የጠረጠረ አልነበረም። እንዲያውም የአውጫጩ ጸሐፊ አድርገው ወንበር ሰጡኝ።

ተራዬ ደርሶ ስጠየቅ «እኔ ለሕዝቡ ያነበብኩት አንድ ገጽ ነው» አልኩ። ቃል በቃል እውነት ነው። እንዲህ ያለው እውነት ከውሸት እንደሚከፋ የዚያን ዕለት አወቅሁ። ከዚያ ፖስታውን ማን ወሰደው ተባለ። ዳኜ ተጠራ። ምን ታውቃለህ ሲሉት አንድ አፍታ ወደ እኔ አየና «የማውቀው የለም። ፖስታ ሰጡኝ፣ አደረስኩ» አለ። የድርጅቱ ተቀጣሪ፣ ያውም ቆለኛ። ፀሐይ ስትዘቀዝቅ ሰው ርቦታል፣ በርዶታል፣ ወደ ቤቱ መግባት ይፈልጋል። ወፎቹ «ዳኜ» አሉ። ፊደል የማይቆጥር ሰው ወረቀት ላይ ቃል ጨመረ ተባለ፤ ስሙን በጥሩ የእጅ ጽሑፍ መዝገቡ ላይ ያሰፈርኩትም እኔው ነኝ።

ቅጣቱን ታውቂዋለሽ። ከቤቱ እሳት አይጫርም፣ ቢታመም አይጠየቅም፤ ጓሳው ሲከፈትም ከሣሩ አንዲት እፍኝ አያጭድም። በጥር ማርያም ዕለት ሽማግሌዎች ጓሳው ተከፈተ አሉ። አገሩ ማጭዱን ስሎ እየዘፈነ ወጣ። እኔም ወጣሁ፤ አሥራ አራት ሸክም አጨድኩ፣ ቤቴን ከደንኩ። ሣሩ ደግሞ ዘንድሮ እንዴት ያለ ነበር መሰለሽ፣ ሰው ቁጭ ሲል አይታይም። ጌታነሽ በአባቷ በኩል የጓሳ ልጅ ሆና ሳለ ከወሰኑ ድንጋይ ወዲህ ቆማ ሰው ተሸክሞ ሲወርድ ታይ ነበር። ሰላም ያላት የለም። እኔም በሌላ መንገድ ወረድኩ። የቤታቸው ክዳን ከዘጠኝ ዓመት በፊት የተከደነ ነው፤ ከውስጥ ሰማይ ይታያል። የበልግ ዝናብ ደግሞ ደርሷል።

በየካቲት መጨረሻ የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል አላስቻለኝም። አንድ የአህያ ጭነት ሣር ይዤ ዳኜ ደጃፍ አራገፍኩ። እውነቱን መናገር ሲያቅተኝ በሣር ልከፍለው ፈለግሁ። ዳኜ ወጥቶ አየው። «ይህን የተከለከልኩትን ሣር ካንተ ብቀበል በደሌን አመንኩ ማለት ነው። መልሰህ ጫነው» አለኝ። ልጭነው ስጎነበስ ረጋ ብሎ እንዲህ አለኝ፤ «የሐምሌ አቦ ዕለት ከቅጥሩ ሥር ተጠልዬ ነበር። ወረቀቱ ሁለት ነበረ፤ አንዱን ነው ያነበብከው። ማንበብ አልችልም፤ ሁለት መቁጠር ግን እችላለሁ።»

ታዲያ ለምን አልተናገርክም አልኩት። ጥያቄውን ስጠይቀው እንኳ ድምፄ የወቀሳ ነበር፤ እንዲህ ያለ ሰው ሆኛለሁ። ዳኜም «እህትህ ልጄን ክርስትና አንሥታልኛለች። በአበልጄ ወንድም ላይ ጣቴን አልቀስርም። ደግሞ አንተው ትናገራለህ ብዬ ጠበቅሁ፤ ይኸው ሦስት ወር» አለኝ። እታለም፣ ያዳነኝ ያንቺ ስም ነው። የዳኜ ሚስትና ልጆች ብርድ ላይ የተቀመጡት ባንቺ ክብር ነው። ይህን ለአንቺ ከመጻፍ ይልቅ የምሥራቁ ሸንተረር ላይ ወጥቼ ብቆም ይቀለኝ ነበር።

ሣሩን ጭኜ በቀጥታ አባ ገብረ አማኑኤል ዘንድ ሄድኩና በንስሐ ተናገርኩ። ቀኖና ይሰጡኛል፣ ሰግጄ ጾሜ አልፈዋለሁ ብዬ ነበር።  «እግዚአብሔርማ ያን ዕለትም ሰምቶሃል። ያልሰማህ ሕዝቡ ነው። የዋሸህበት ቦታ ሄደህ ንገረው፤ ከዚያ በኋላ ና» ብለው መስቀላቸውን እንኳ ሳያሳልሙኝ ተነሡ።

መጋቢት አምስት፣ የአቦ ዕለት፣ ሕዝቡ ከቅዳሴ ሲወጣ ድንጋይ በአንገቴ ተሸክሜ ደጀ ሰላሙ ላይ ተንበረከክሁ። ሁሉንም ተናገርኩ፤ ስለ ሸንተረሩ፣ ስለ ወንበርና ጠረጴዛው፣ ስለ ሁለተኛው ገጽ፣ ስለ ዳኜ። ሰው ሲያጠፋ እንዲህ ካደረገ ሽማግሌዎች አውርድ ይሉታል። ማንም አውርድ አላለኝም። አያ ወልደ ጻድቅ «ማነው የሚናገረው?» ብለው ጠየቁ። የመርስዔ ኃዘን ልጅ ነው አሏቸው። «ድምፁን አላወቅሁትም» አሉ። ይህን በቁጣ አላሉትም፤ እውነትም አላወቁትም። ድንጋዩ ከዚያ በኋላ ከበደኝ።

በመጨረሻ አያ ወልደ ጻድቅ ራሳቸው «አውርዱለት። አንገቱ ደብረ ብርሃን ድረስ ያስፈልገናል» አሉ። ሽማግሌዎቹ ለዞን አቤቱታ አስገብተዋል፤ የሚሰሙት የፊታችን ሰኞ ነው። ፊርማው ያለ ሕዝቡ ዕውቀት የተወሰደ መሆኑን የሚያስረዳ ምስክር አልነበራቸውም። አሁን አላቸው። የወረዳው ሰው ደግሞ ይህን ከተናገርክ በሐሰት ሰነድ ትጠየቅበታለህ ብሎ አስጠንቅቆኛል። ወረቀቱ ቢሰረዝ እንኳ ጋራው ይድን አይድን ማንም አያውቅም፤ ጥናቱ አልቋል ይላሉ። ወረቀቱ ካልተሰረዘ ግን ለክርክርም ቦታ የለንም። ለኢንጂነር ታዲዮስ ደውዬ ነገርኩት። «እኔ እኮ ተነብቦላቸዋል ብዬ ነው የሠራሁት» አለኝ። በእሱ ፊት ያፈርኩትን ያህል ለራሴ አላፈርኩም።

በማግሥቱ ሰዉ ሁሉ ከየቤቱ ሣር ተሸክሞ የዳኜን ቤት በደቦ ሊከድን ወጣ። እኔም ጭነቴን ይዤ ሄድኩ። በሩ ላይ አንድ የአጎታችን ልጅ አስቆመኝና «ሣሩን አራግፍ፤ አንተ ተመለስ» አለኝ። አራግፌ ተመለስኩ። ከቤቴ ሆኜ ሲዘፍኑ እሰማ ነበር። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ሲሉ ለሌላ ሰው የተባለ ይመስለኝ ነበር።

ለእማማ የነገርኳት ከሕዝቡ በፊት በዋዜማው ነው። አላለቀሰችም፣ አልረገመችኝም። «እንኳንም አባትህ ቀድሞ ሞተ» አለችና የምትፈትለውን ጥጥ መልሳ ያዘች። ከዚያ ወዲህ ምግብ ታቀርብልኛለች፤ ስበላ ግን አጠገቤ አትቀመጥም።

አሁን የምለምንሽ ሁለት ነገር አለ። አንደኛ፣ ሰኞ የሚሆነውን ስትሰሚ ዋስ ፍለጋ አትሩጪ፤ ጋሼ ኃይለመስቀልም የሚያውቋቸውን ሰዎች ለእኔ ብለው እንዳያስቸግሩ። ብታሰር ልጆቹን የእናታቸው ወንድሞች ይይዟቸዋል፤ መሬቱንም ያርሱልኛል። የምፈራው እስሩን አይደለም። የምፈራው እዚያ ቆሜ ሲጠይቁኝ ደግሞ ቃል ቆጥቤ እንዳልናገር ነው፤ አንዴ የለመደ ምላስ ነው። ጸልዪልኝ። ሁለተኛ፣ ይህን ደብዳቤ በማኅበራችሁ ላይ አንብቢው። የዳኜ ስም እዚያ ድረስ ተጉዞ ከጠፋ የእኔም ተጉዞ ይድረስ። ወንድሜ ነው ብለሽ አንድ መስመር እንዳትዘዪ።

እማማ ትስምሻለች፤ ዓይኗ ደክሟል፣ «ሳልሞት ትምጣልኝ» ትላለች። የልጆቼ እናት ሰላም ብላለች፤ ካኮረፈችኝ ሰንብታለች፣ ላንቺ ግን ኩርፊያ የላትም። ልጆቹ ጉልበትሽን ይስማሉ። አያ ወልደ ጻድቅ ትናንት ደጅ ተቀምጠው አግኝቻቸው ወደ ጅማ ልጽፍ ነው ስላቸው «ለእሷ ሰላም በላት» አሉኝ፤ «ለእሷ» የምትለዋን ጠበቅ አድርገው። ጋሼ ኃይለመስቀልን ከአክብሮት ጋር እጅ እነሣለሁ። ስንታየሁን በርታ በዪልኝ፤ ትንሿን ጉንጯን ሳሚልኝ።

የዳኜን ቤት ሰላምታ ሳልይዝ ልልክልሽ አልወደድኩምና ዛሬ ወደ እነሱ መጣሁ። ዳኜ «ደህና ነን በላት» አለ። ጌታነሽ ግን እጇን በቀሚሷ እየጠረገች መጥታ ምን እንደጻፍኩ ጠየቀችኝ። ሁሉንም አልኳት። «እስቲ ይነበብልኝ» አለች። ወረቀቱን ከኪሴ አውጥቼ ጉሮሮዬን ስጠርግ እጇን ዘርግታ ተቀበለችኝ። «አንተ አይደለህም፤ ጽናት ከትምህርት ቤት ስትመጣ ታነበዋለች» አለች።  የምጽፍበትን ይህን የመጨረሻ ወረቀት ብቻ አስቀርታልኝ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጫለሁ።

ጽናት መጥታለች። የክርስትና ልጅሽ አድጋለች፣ ሰባተኛ ክፍል ናት። አባቷና እናቷ መሐል ተቀምጣ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምራ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ እያነበበች ነው። የእጅ ጽሑፌ እያስቸገራት አንዳንድ ቦታ ትደናቀፋለች፤ ግን ተመልሳ ታነበዋለች እንጂ አትዘልም።

የሚወድሽና ያሳፈረሽ ወንድምሽ
በዕውቀቱ መርስዔ ኃዘን

ከጓሳ ሥር፣ መንዝ
ዓርብ መጋቢት 7 ቀን 2004 ዓ.ም.